በጅማ ለበጎ አድራጎት የሚጫወት የጓደኛሞች ሮክ ባንድ፦ ከተቀባዩ ደብዳቤ እስከ ርክክቡ

ለበጎ ሥራ ኮንሰርት እናዘጋጅ ሲባል የአብዛኛው ባንድ ሐሳብ ወዲያው መድረክ ላይ ይወጣል፤ የትኛው ዘፈን ይቅደም፣ ፖስተሩ ምን ይምሰል፣ የጭስ ማሽን ከየት ይገኝ። ሥራው የሚጀመረው ግን ከሌላው ጫፍ ነው፦ ገንዘቡ ማን እጅ፣ በምን መንገድ፣ ስንት ሆኖ ይደርሳል? ይህ ካልተመለሰ ጥሩ ምሽት ሊያልፍ ይችላል፣ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ግን የጀነሬተር ኪራይ ትርፍራፊ ይሆናል።

መመሪያው ከአራት እስከ ሰባት አባላት ላሉት፣ ከ200 እስከ 300 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ወይም ግቢ ለሚጫወት የጅማ ባንድ ነው። ስታዲየም ለመሙላት ላሰበ አይበቃም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዲየም ማሰብም አይመከርም።

መጀመሪያ ተቀባዩ

አንድ ተቀባይ፣ አንድ ዓላማ፣ አንድ ቁጥር ያዙ። «ለችግረኞች መርጃ» ዓላማ አይደለም። «በአንድ ትምህርት ቤት ለሚማሩ 60 ልጆች ለአንድ መንፈቅ የሚሆን ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ» ዓላማ ነው። ቁጥሩ ሲታወቅ ትኬት ሻጩ የሚናገረው ነገር ያገኛል፣ ተመልካቹም የእሱ 150 ብር ምን ያህሉን እንደሸፈነ ያውቃል፣ እናንተም ግቡ መሞላቱን ወይም መጉደሉን ትለያላችሁ።

ተቀባዩ ድርጅት ከሆነ ፖስተር ከመታተሙ በፊት አራት ነገር እጃችሁ ይግባ፦ የምዝገባ ሰርተፊኬት ኮፒ፣ በስሙ ዝግጅት እንድታደርጉ የፈቀደበት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ፣ በድርጅቱ ስም (በሥራ አስኪያጁ ስም ሳይሆን) የተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ በዝግጅቱ ቀን ቆጠራ ላይ የሚቀመጥ ሰው ስም። ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ከሆነ ገንዘቡ በፋይናንስ ክፍሉ በኩል በደረሰኝ ይግባ። ለአንድ ታማሚ ከሆነ ከቤተሰብ፣ ከዕድርና ከባንዱ አንዳንድ ሰው ሆነው ሦስቱ ካልፈረሙ የማይከፈል ሒሳብ ይክፈቱ። የአንድ ጓደኛ የግል ሒሳብ ለሁለት ቀን እንኳ «ለጊዜው» አይሁን። ጓደኝነትን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ስርቆት አይደለም፣ ያልተጻፈ ሒሳብ ነው።

ይህ ጥንቃቄ የትንንሾች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰንና ህንዳዊው የሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር ሐምሌ 25 ቀን 1963 በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለባንግላዴሽ ስደተኞች ባዘጋጁት ኮንሰርት የመግቢያው ገቢ፣ ወደ 243 ሺህ ዶላር፣ ለዩኒሴፍ ገባ። ከኮንሰርቱ አልበም ሽያጭ የመጣው ብዙ ገንዘብ ግን ለዓመታት በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ተይዞ ቆየ፤ ምክንያቱ ዝግጅቱ ከመካሄዱ በፊት በበጎ አድራጎት ድርጅት ስም አለመመዝገቡ ነበር። ያን ያህል ስም ያላቸው ሰዎች በወረቀት ከተያዙ የጅማ ባንድ ደብዳቤውን አስቀድሞ ቢይዝ ጥሩ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፦ የታመመን ልጅ ፎቶ ፖስተር ላይ አታውጡ፣ ተረጂውንም መድረክ ላይ አትጥሩ። ሰው የሚረዳው ስላመነ ነው፤ ለዚያ ደብዳቤውና ቁጥሩ ይበቃሉ።

ሒሳቡ

አዳራሹ ይሞላል ብላችሁ አታስሉ። 220 ትኬት በ150 ብር ብታትሙ ሙሉው 33,000 ብር ነው፤ ዕቅዳችሁ ግን 60 በመቶው፣ ማለትም 132 ትኬት፣ 19,800 ብር ላይ ይቁም። ወጪው ከዚህ ሩብ፣ ወደ 5,000 ብር ገደማ፣ ካለፈ ዝግጅቱ ይቀነስ ወይም ይቅር። ብሩን እንደ ጊዜው ዋጋ ለውጡት፣ ምጣኔውን ግን አትንኩ።

ከሁሉ የተሻለው መንገድ ወጪውን በር ከመከፈቱ በፊት ከሌላ ምንጭ መዝጋት ነው። የባንዱ አባላት በየወሩ እንደ ዕቁብ የሚያዋጡት ሣጥን የጊታር ክርን፣ ባትሪንና ባጃጅን ይሸፍናል። የአዳራሹ ባለቤት አዳራሹን፣ ማተሚያ ቤቱ ትኬቱን፣ አንድ ነጋዴ ነዳጁን ይቻል፤ ከነጋዴ ጥሬ ብር ከመጠየቅ «ሃያ ሊትር ቤንዚን» ማለት ይቀላል፣ ለመቆጣጠርም አይከብድም። እንዲህ ከሆነ መድረክ ላይ «በበር የገባው በሙሉ ለተቀባዩ ነው» ማለት ትችላላችሁ። ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ የለም።

በዓይነት መሰብሰብም ይቻላል፤ ትኬቱ አምስት ደብተር ይሁን። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ባለ 50 ቅጠል፣ ሌላው ባለ 32 ይዞ ይመጣል፣ የሚቆለልበት ክፍል አልታሰበም፣ ዝናብ ይነካዋል። ዓይነቱን ትኬቱ ላይ ጻፉ፣ ተረካቢው በዚያው ቀን ቆጥሮ ይፈርም።

ቀንና ሰዓት

የጅማ ዝናብ እንደ ሰሜኑ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ስለዚህ ለግቢ ዝግጅት የሚያስተማምነው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ነው። ከዚያ ውስጥ ደግሞ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ የዚያን ዓመት ቀኑን እዩ፤ የዩኒቨርሲቲውን የፈተና ሳምንትና የእረፍት ጊዜም ጠይቁ፤ ተማሪ ከሌለ የሮክ ታዳሚ ግማሹ ከተማ ውስጥ የለም። ሲጣራ በዓመት የሚቀረው ምቹ እሑድ በጣት የሚቆጠር ነው። ከሁለት ወር በፊት ያዙት።

ሰዓቱን ከአዛን አንጻር ቁረጡ። በእነዚህ ወራት በዐስርና በመግሪብ መካከል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል አለ። 10፡15 ጀምሮ 12፡00 የሚያልቅ ዝግጅት ሁለቱንም አይነካም፣ ወላጅም ልጁን ይልካል፣ ለባጃጅ የማታ ዋጋም አያስከፍልም። ትክክለኛውን ደቂቃ ከአካባቢው መስጊድ ጠይቁ። አዛን ሲሰማ በሳውንድ ቼክ (በድምፅ ፍተሻ) መሃል ቢሆን እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጉ። አዳራሹ ከቤተ ክርስቲያን ጎን ከሆነ የንግሥ በዓልን ቀን አስቀድማችሁ እወቁ።

ቦታውና ፈቃዱ

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ሁለት ችግር አለው፦ ዝናብ ከጣለ ከድምፃዊው በላይ ይጮሃል፣ ካልጣለም ድምፁ እየተመላለሰ ከበሮውን ገደል ማሚቶ ያደርገዋል። መሃል ላይ ቆማችሁ አንዴ በኃይል አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ከጠፋ በኋላ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በላይ ከተንጠለጠለ ኋላ ግድግዳው ላይ መጋረጃ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ አለበለዚያ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ወንበሩ በሰው ሲሞላ ማሚቶው እንደሚቀንስ አስታውሱ። የሚከፈቱ ሁለት መውጫ በሮች መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ፤ «ሁለተኛው ቁልፉ ጠፍቷል» ከተባላችሁ በር አንድ ነው።

ለከተማው አስተዳደር፣ ለአካባቢው ፖሊስና ባህልን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት አመልክቱ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻው በዚያው ይጻፍ። ቦታ፣ ቀን፣ መነሻና ማብቂያ ሰዓት፣ የሰው ብዛት፣ የተቀባዩ ደብዳቤ ኮፒና የሁለት ኃላፊዎች ስልክ ይኑረው። ትኬት ከመታተሙ በፊት የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ በዝግጅቱ ቀን በር ላይ ያለው ሰው ይያዘው፤ ኮፒው ቤት ተረስቶ ሳለ ዋናው ቢሮ ውስጥ መኖሩ በእሑድ አይጠቅምም።

መድረክ መሪው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚናገር ይሁን። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የጨረታው ገቢ ላይም ይታያል።

ኃይል

አብዛኛው የጅማ ዝግጅት የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም እንበል።

መጀመሪያ ፍጆታውን ደምሩ። ለ250 ሰው አዳራሽ ሁለት ባለ 12 ወይም 15 ኢንች ስፒከርና ሁለት ሰብ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር)፣ በአማካይ 1,200 ዋት፤ የቤዝ፣ የሁለት ጊታርና የኪቦርድ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) በአንድ ላይ 800 ዋት፤ የኤልኢዲ መብራት 400 ዋት፤ ሚክሰርና ልዩ ልዩ 100 ዋት። ድምሩ 2,500 ዋት ነው። ኪክ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) እና ቤዝ አብረው ሲመቱ ግን ለቅጽበት ወደ 4,000 ሊዘል ስለሚችል ለዚያ ተዘጋጁ።

ጀነሬተር ስትመርጡ ላዩ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። 6.5 ኬቪኤ የሚለው በ0.8 ሲባዛ 5.2 ኪሎዋት ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ትንንሽ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የሚቀረው 4.2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ይህም ልክ ይበቃል። «3 ኬቪኤ ይችላል» የሚላችሁ ሰው አዳራሹን በአምፖል ብቻ ያበራ ሰው ነው። ጭነቱ ሲበዛ ሞተሩ ያቃስታል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሚክሰሩ ራሱን ያጠፋል፤ ያም የሚሆነው ሁሉም መሣሪያ በሚመታበት፣ ዘፈኑ ጫፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት ነው።

ጀነሬተሩ ውጭ፣ ከመድረኩ 25 ሜትር ያህል ርቆ፣ ጭሱ ወደ አዳራሹ በማይነፍስበት ጎን ይቀመጥ። በረንዳ ወይም ኮሪደር ውስጥ በፍጹም አይሁን፤ ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል። ለዚያ ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ አይበቃም፣ ይሞቃል፣ ቮልቴጅም ይበላል። 4 ካሬ ተጠቀሙ፣ ከጥቅልሉም ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ የተጠቀለለ ገመድ ጭነት ሲበዛበት ላስቲኩ ይቀልጣል። ነዳጅ ሞተሩ እየሠራ አይጨመር።

የጀነሬተሩን መስመር በአዳራሹ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን ሁሉ ማብራት ትልቅ ስህተት ነው። ዋናው መስመር ሲመለስ ጀነሬተሩ ይቃጠላል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ በመንገዱ ምሰሶ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ሊሞት ይችላል። መድረኩ የራሱ የተለየ መስመር ይኑረው።

ሁለተኛው የሞት መንገድ ምድር ሽቦ ነው። ጊታር አምፑ ከአዳራሹ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከጀነሬተሩ ሲሰካ ሁለቱ የተለያየ ምድር ይኖራቸዋል። ጊታሪስቱ ክሩን እንደያዘ ከንፈሩን ማይክ ላይ ሲያደርግ ልዩነቱ በሰውነቱ ያልፋል። ስለዚህ ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ፣ ከአምፕ እስከ ሚክሰር፣ ከአንድ ምንጭና ከአንድ ፌዝ ይውሰድ፤ መብራቱ በሌላ መስመር ይሂድ። ከሳውንድ ቼክ በፊት መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉና አንዱን ጫፍ በጊታሩ ክር፣ ሌላውን በማይኩ ወንፊት ላይ አሳርፉ። ከ2 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ካሳየ ማንም ማይክ አይንካ፤ ምድር የሌለውን ዲቫይደር አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ፈልጉ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት የሶኬቱን የምድር እግር የሚቆርጥ «ባለሙያ» ካያችሁ ከመድረኩ አስወርዱት። የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ መድኃኒቱ በዲአይ ቦክስ (መሣሪያውን ከሚክሰሩ ጋር በሚያገናኘው ትንሽ ሣጥን) ላይ የሲግናሉን ምድር መለየት ነው፤ የኃይሉን አይነካም።

ዋናውን መስመር ለመጠቀም ከወሰናችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ሰዓት ቮልቱን ለኩ። ከ190 በታች ወይም ከ245 በላይ ከሆነ ጀነሬተር ይሻላል። ዲጂታል ሚክሰር ካለ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪ የሚይዝ ዕቃ) ከሥሩ አድርጉ፤ መብራት ለአንድ ሰከንድ ቢጠፋ ሚክሰሩ እስኪነሳ ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያችኋል። መብራት ሲጠፋ አንድ የተመደበ ሰው ወዲያው ስፒከሮቹን ያጥፋ፤ ሲመለስ ሚክሰር መጀመሪያ፣ ስፒከር መጨረሻ። ሲዘጋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ይህን የማይጠብቅ ሰው የስፒከሩን ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል) ይከፍላል።

ድምፅ

በዚህ መጠን አዳራሽ ውስጥ ከበሮው ራሱ ብቻውን በቂ ይጮሃል። ስለዚህ ስሌቱ ከከበሮው ይጀምራል፦ ድምፃዊው ከከበሮው በላይ እስኪሰማ ስፒከሩ ይነሳል፣ ጊታሩ ከድምፃዊው በታች እንዲሆን አምፑ ይወርዳል። ጊታሪስቶች አምፑን መሬት ላይ አስቀምጠው ድምፁን ለጆሯቸው ሳይሆን ለጉልበታቸው ያሰሙታል፤ ከዚያ «አልሰማሁም» ብለው ይጨምራሉ። አምፑን በወንበር ላይ አንሱት ወይም ወደ ጆሯቸው አዘንብሉት፣ ክርክሩ ያልቃል።

12 ቻናል ይበቃል። 1 ኪክ፣ 2 ከከበሮው በላይ የሚሰቀል አንድ ማይክ፣ 3 ቤዝ በዲአይ፣ 4 እና 5 ጊታሮች፣ 6 ኪቦርድ፣ 7 ዋና ድምፅ፣ 8 እና 9 አጃቢ ድምፃውያን፣ 10 የመድረክ መሪ፣ 11 እና 12 ከስልክ ለሚመጣ ሙዚቃ። ሥሙን በወረቀት ፕላስተር ሚክሰሩ ላይ ጻፉ። የመድረክ መሪው የራሱ ማይክ ይኑረው፤ የድምፃዊውን እየተቀባበሉ ሲናገሩ የተስተካከለው ሁሉ ይፈርሳል።

ሁለቱ ስፒከሮች ከማይኮቹ መስመር ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ሕዝቡ ይቅረቡ፣ ከሰው ራስ በላይም፣ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ይነሱ። ዝቅ ካሉ የፊተኛው ረድፍ ይደነቁራል፣ የኋለኛው አይሰማም። በግቢ ውስጥ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስፒከር ከመጨመር ወንበሮቹን ማቅረብ ይረክሳል።

ማፏጨትን መከላከያው ቦታ ነው። የተለመደው ካርዲዮይድ (ከፊቱ ብቻ የሚሰማ) ማይክ ጀርባው ምንም አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ሞኒተሩን (ለተጫዋቾቹ የሚያሰማውን ስፒከር) በቀጥታ ከጀርባው አኑሩት። ሱፐርካርዲዮይድ ከሆነ ግን ጀርባው ትንሽ ይሰማል፤ ሞኒተሩ ወደ ጎን ሰያፍ ይሁን። ማይኩን ወንፊቱ ላይ በመዳፍ ማፈን የሮክ ምስል ያመጣ ይሆናል፣ የማይኩን አቅጣጫ ግን ያጠፋዋል፣ ያፏጫልም።

ሳውንድ ቼክ በዚህ ተራ ይሂድ። ድምፃዊው የዘፈኑን ኃይለኛ ክፍል ይዝፈን፤ ጌይኑን (ወደ ሚክሰሩ የሚገባውን ድምፅ መጠን) የቀይ መብራቱ ብልጭታ እስኪታይ አንሱና ትንሽ መልሱ። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ከድምፅ ማይኮች ሁሉ ቁረጡ፤ የእግር ኮቴውና የኪኩ ጉምጉምታ ያኔ ይጠፋል። ከዚያ ሞኒተሩን በቀስታ አንሱ፤ የመጀመሪያው ፉጨት ሲመጣ ያንን ፍሪኩዌንሲ ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል አውርዱ፣ እንደገና አንሱ። ከአራት በላይ ቦታ ከቆረጣችሁ ችግሩ የማይኩ ወይም የስፒከሩ አቀማመጥ ነው፤ ወደዚያ ተመለሱ። ቀጥሎ ኪክ፣ ቤዝ፣ ሁለቱ አብረው፣ ጊታሮች፣ ኪቦርድ። በመጨረሻ ሁለት ሙሉ ዘፈን፣ አንድ ከባድና አንድ ለስላሳ። ሲያልቅ ሚክሰሩን በስልክ ፎቶ አንሱት፤ የሆነ ልጅ ሊነካካው ይችላል።

በአሜሪካ የሥራ ጤና መመሪያ 100 ዴሲቤል ላይ ጆሮ ያለ መከላከያ የሚቆየው 15 ደቂቃ ነው። ከበሮ መቺው አጠገብ ይህ በቀላሉ ይደረሳል። የፋርማሲ የጆሮ መሰኪያ ግዙ፣ ሕፃናትንም ከስፒከሩ ፊት አስነሱ።

መለዋወጫ ሳትይዙ አትውጡ፦ ሁለት ሙሉ የጊታር ክር፣ የስኔር ቆዳ፣ የከበሮ ቁልፍ፣ የአምፖቹ ፊውዝ በትክክለኛው አምፔር፣ አራት ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሦስት የጃክና ሦስት የማይክ ገመድ፣ ሁለት ጥቅል ፕላስተር፣ ሚክሰሩንና አምፖቹን የሚሸፍን ወፍራም ላስቲክ። ከኪክ ድራሙ ሥር ሁለት በሁለት ሜትር ምንጣፍ ካላነጠፋችሁ በሦስተኛው ዘፈን ከበሮው ወደ ሕዝቡ ይሄዳል።

ዘፈኖቹ

105 ደቂቃ እንዲህ ይከፋፈላል፦ የመጀመሪያው ዙር 35 ደቂቃ፣ የተቀባዩ ንግግር 5፣ ጨረታ 15፣ ሁለተኛው ዙር 40፤ የቀረው 10 ደቂቃ የማይቀረው መዘግየት ይበላዋል። ይህ ከ16 እስከ 17 ዘፈን ነው። ሰው የሚያውቀው ዘፈን አንደኛና ሦስተኛ ላይ ይግባ። የራሳችሁን አዲስ ሥራ ሦስት ተከታታይ አታድርጉት።

ሮክን ለማያዘወትር ታዳሚ ድልድዩ ቅኝት ነው። ሮክ ጊታር የሚንከላወስበት ማይነር ፔንታቶኒክ የተባለው ባለ አምስት ኖታ ስኬል ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ነው፦ ከኤ ሲነሳ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ስለዚህ በባቲ የተሠራን የቆየ ዜማ በዲስቶርሽን መጫወት ምንም ማጣመም አይጠይቅም። አንቺሆዬና አምባሰል ግን ከሥር ካለው ፓወር ኮርድ (ሁለት ኖታ ብቻ ካለው የሮክ ኮርድ) ጋር ይጋጫሉ፣ ሁለተኛዋ ኖታ ግማሽ ቶን ብቻ ስለምትርቅ፤ እዚያ ላይ ኮርዱን ትታችሁ ቤዙና ጊታሩ ዜማውን በአንድ ድምፅ ይምቱት። ስድስት ስምንተኛውን ምት ከበሮ መቺው ካልለመደው በሁለት ሳምንት አይመጣም፣ ከአሁኑ ይጀምር።

የሰው ዘፈን ስትጫወቱ የባለመብቱን ፈቃድ ጠይቁ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በአደባባይ ማቅረብ የደራሲው መብት ነው፤ ገቢው ለበጎ ሥራ ነው ብሎ መጠየቁን መተው አይገባም። ብዙዎች ዓላማውን ሲሰሙ በነጻ ይፈቅዳሉ። ፈቃዱን በጽሑፍ፣ ቢያንስ በስልክ መልእክት ያዙ።

ለስድስት ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ ተለማመዱ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ልምምዶች ሳይቆሙ፣ በሰዓት፣ በዘፈኖቹ መካከል ያለው ማስተካከያ ጭምር ተቆጥሮ ይሁኑ። አዲስ ዘፈን በመጨረሻው ሳምንት የሚያመጣ አባል በየባንዱ አለ፤ እሺ አትበሉት።

ትኬት፣ በርና ጨረታ

ትኬቱ ተከታታይ ቁጥርና ቀሪ ይኑረው፣ በ20 ይታሰር። እያንዳንዱ ሻጭ የወሰደውን ጥራዝ ፈርሞ ይውሰድ፤ ያልተሸጠውን ከዋዜማው በፊት ይመልስ። መድረክ ላይ የሚጫወት ሰው ገንዘብ አይያዝ፣ በሩንም አያስብ። በር ላይ አራት ሰው ይብቃ፦ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ይቀድዳል፣ አንዱ የስልክ ክፍያን ያጣራል፣ አንዱ ሕዝቡን ያስተናግዳል።

በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈለ ሰው የሚያሳየው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ አንዱ ምስል ለአምስት ጓደኛ ይላካል። ማረጋገጫው የሚመጣው በተቀባዩ ስልክ ላይ ስለሆነ የድርጅቱ ተወካይ ስልኩን ይዞ በር ላይ ይቁም፣ የግብይት ቁጥሩንም ይመዝግብ።

ቡና መሸጥ በጅማ የማይታለፍ ነው። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ተቆልቶ 800 ግራም ያህል ይቀራል፤ ለሲኒ 8 ግራም ብትሉ ቶናና በረካው ሳይቆጠር 100 ሲኒ ነው። የከሰል ምድጃው ግን ከጀነሬተሩና ከነዳጁ ይራቅ።

ጨረታው ከበሩ የበለጠ ሊያስገባ ይችላል፣ ከበሩ የበለጠም ያሳፍራል። ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ፣ አንድ ኩንታል ቡና፣ የባንዱ ፊርማ ያረፈበት የከበሮ ቆዳ ጥሩ ናቸው። ችግሩ ቃል መግባት ነው፦ ሰው በጭብጨባ 20,000 ይልና በማግስቱ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ ዕቃው ላልከፈለ ሰው አይሰጥ፣ መድረክ መሪውም «ገባ» የሚለው የድርጅቱ ተወካይ በአዎንታ ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ብቻ ይሁን። የተገባ ቃል በሌላ መዝገብ ይጻፍ፣ ከገባው ገንዘብ ጋር ተደምሮ አይነገር። ጨረታው ከ15 ደቂቃ አይለፍ፤ ሕዝቡ ሙዚቃ ብሎ ነው የመጣው።

የዕለቱ ሰሌዳ

ጠዋት 2፡00 ዕቃ ይጫናል። ከበሮ ሲያራግፉ ቆዳው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቶሙን (መካከለኛውን ከበሮ) በአፉ አትድፉት። 3፡00 ገመድ ዝርጋታ፤ መጀመሪያ የኃይል ገመድ በአንድ ጎን፣ ከዚያ የማይክ ገመድ በሌላ ጎን፤ መገናኘት ካለባቸው በመስቀለኛ ይለፉ፣ ጎን ለጎን ከሄዱ ድምፁ ያጉረመርማል። 4፡00 የመልቲሜትሩ ምርመራ፤ ጀነሬተሩ ሙሉ ጭነት ተጭኖበት ለ20 ደቂቃ ይሥራ። ከ4፡30 እስከ 6፡00 ሳውንድ ቼክ። ከዚያ ዙህርና ምሳ፤ ሁለት ሰው ግን ከዕቃው አይለይም። 9፡30 በር ይከፈታል። 10፡15፣ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ቢሆንም፣ ተጀመረ። አንድ ጊዜ ዘግይቶ የጀመረ ባንድ በሚቀጥለው ጊዜም ዘግይቶ የሚመጣ ሕዝብ ያገኛል። ዝናብ ከጀመረና ግቢ ውስጥ ከሆናችሁ መጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጣል፣ ላስቲኩ ከዚያ በኋላ ይለብሳል።

ቆጠራና ርክክብ

በመጨረሻው ዘፈን ላይ ሣጥኑ ወደ ተዘጋ ክፍል ይግባ። የባንዱ ሒሳብ ያዥ፣ የተቀባዩ ተወካይና ከሁለቱም ያልሆነ አንድ የሚታመን ሰው፣ ለምሳሌ መምህር ወይም የዕድር ዳኛ፣ አብረው ይቁጠሩ። የተቀደደው ቀሪ ቁጥር በዋጋው ተባዝቶ ከጥሬ ብሩና ከስልክ ክፍያው ድምር ጋር ይመሳከር። ልዩነት ካለ ልዩነቱ ይጻፍ፣ ከኪስ ተሞልቶ አይደበቅ። ቃለ ጉባኤው በሦስት ቅጂ ይፈረም። ባንክ እሑድ ዝግ ከሆነ ገንዘቡን የተቀባዩ ተወካይ በፊርማ ይውሰደው፤ ሰኞ ጠዋት ሒሳቡ ውስጥ ይግባ፣ ደረሰኙ ይምጣ።

በሦስት ቀን ውስጥ ትኬት በሸጣችሁባቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ ገጽ ለጥፉ፦ የተሸጠ ትኬት፣ የገባ ብር፣ ወጪና ወጪውን የሸፈነው፣ ለተቀባዩ የደረሰው፣ ገና ያልተከፈለ ቃል። ዕቃው ሲገዛ፣ ደብተሩ ሲታደል፣ ደረሰኙን እዚያው ጨምሩ። የተዋሳችሁትን አምፕና ገመድ ግን ሰኞን ሳያልፍ፣ ተጠርጎና እንደ አመጣጡ ተጠቅልሎ መልሱ፤ ለሚቀጥለው ኮንሰርት የምትበደሩት ከዚያው ቤት ነው።